በታንኳዋ አፍ

ልጆቼ፣ ጣና ዳር ነገሩ ሁሉ ነፍስ አለው። ሞገዱ ይቆጣል፣ ነፋሱ ያኮርፋል፣ ከሐይቁ ዳር ሣር፣ ከደንገል የምትታሰር ታንኳ ደግሞ ይደክማታል። ውሃ ስትጠግብ ከብዳ ትንቀራፈፋለች፤ ያን ጊዜ «ደክሟታል፣ ትረፍ» ብለን ደረቅ ላይ እናቆማታለን፤ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔ ዘይነት ይህን እያልሁ ነው ያረጀሁት። ታንኳ የሰው አፍ ስትሆን ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም። ባለቤቴ ዳውድና ታላቅ ወንድሙ ቡርሀን ባንዲት ታንኳ ነበር የሚያሰግሩት። ሊቀ መንበር ሲመረጥ ቡርሀን ተጠቆመ። ዳውድ ግን እጁን ለሌላው ተጠቋሚ፣ ለቢያዝን አወጣ።

«ቢያዝን ማንበብ ይችላል፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ቡርሀን በስብሰባው መሀል ተነሥቶ «ወላሂ! ከእንግዲህ ይህን ሰው አላናግረውም!» ብሎ ማለ።

መሐላ በዋዛ አይፈርስም፤ መረብ ደግሞ ለብቻ አይሳብም። እናም በታንኳዋ በኩል መነጋገር ጀመሩ።

«አንች ታንኳ» ይላል ቡርሀን፣ «ከፊትሽ የተቀመጠውን ሰው መረቡን ሳብ በይው።»

«አንች ታንኳ» ይላል ዳውድ፣ «ስቤያለሁ በይልኝ። ደግሞ እራቱን እኛ ቤት ይብላ፤ ዘይነት ዓሣ ጠብሳለች።»

ቡርሀን ይመጣል። በልቶ ሲጨርስ እኔን መርቆ፣ ግድግዳውን አመስግኖ ይሄዳል።

ሰፈሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የታንኳ ዕድሜ ግን አጭር ነው። ደንገሏ መበስበስ ሲጀምር ቡርሀን «አንች ከሞትሽ እኔም ወረታ ሄጄ ጨው እነግዳለሁ» ሲላት ሰማሁት። ለዳውድ ብነግረው እህል አልወርድልህ አለው። «አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ አያ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ቡርሀን ባለበት ወደ ዳሩ ወረድሁና «እማማ ታንኳ» አልኋት፣ «ልጅ ሳይተኩ መሞት ነውር ነው። ለአያ ቡርሀን ንገሪው፤ ልጅሽን ሠርቶ ይሂድ።»

ቡርሀን ጢሙን አሻሸ። «እሽ በያት» አለ ለታንኳዋ።

ደንገል ቆረጠ። ታንኳ ማሰር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ገመድ ይጎትታል፣ አንዱ በጉልበቱ ይጫናል። እሱና ዳውድ አሮጊቷን ታንኳ አጠገባቸው አስቀምጠው በእሷ በኩል እየተላላኩ ይሠሩ ጀመር። እኔም ጎንበስ ብለው ሲጠመዱ ጊዜ አሮጊቷን ፈታሁና ለማገዶ አሰርኋት።

ቡርሀን ቀና አለ። «አንች ታንኳ...» ብሎ ዘወር ሲል የለችም። ወደ አዲሲቱ ዞረ፤ «አንች ታንኳ፣ ያን ሰው...»

«ተው አያ!» አልሁት። «እሷ ገና ዛሬ መወለዷ ነው። አፍ አልፈታችም።»

ዳውድ ሳቁ አፈነው፤ ገመዱ ከእጁ ላላ። ቡርሀን አንዴ እኔን፣ አንዴ ገመዱን አየ።

«መሐላዬስ?»

«የፈረሰ መሐላ ማካካሻ፣ ከፋራ አለው አይደል? ሦስት ቀን ጹም። ጎህ ሳይቀድ የምትበላውን ሱሁር እኔ እሠራልሃለሁ።»

የቡርሀን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው።

«ዳውድ!» አለ።

«አቤት አያ!» አለ ዳውድ።

«ገመዱን አጥብቅ እንጅ! ይህን ሁሉ ጊዜ ስታላላ ዝም ያልሁህ ስለማላናግርህ ነው!»

«አጥብቄያለሁ!»

«አላጠበቅህም!»

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። እኔ ማገዶዬን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ፤ ድምፃቸው ከኋላዬ እየተከተለኝ፣ እኔም ቀስ እያልሁ።