ማንም ሳያይ የጠፉት መስመሮች

ግዛቸው ጉለሌ ውስጥ፣ ከቀጨኔ ዳገት ሥር ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው የሚሰሙት አንድ ትምህርት ነበረው። «ብርሃን ካላየነው ባንድ ጊዜ በሁለት መንገድ ያልፋል፤ የሰው ዓይን ሲያርፍበት ግን አንዱን ይመርጣል» ይላል። «ዓለም ዓለም የሆነው እኛ ስለምናየው ነው!»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የድሮ ተማሪው ኢየሩ መጣች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

«ቲቸር፣ በዚያ ትምህርት ጉዳይ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለችው።

የላቦራቶሪውን መስኮቶች በካርቶን ጋረዱ። ኢየሩ ቀጭን ሽቦ አቁማ ሌዘር አበራችበት። ብርሃኑ በሽቦው ግራና ቀኝ አልፎ ግድግዳው ላይ ቀይና ጥቁር መስመሮች ደረደረ። ግዛቸው ፈገግ አለ፤ መስመሮቹ የሚወጡት ብርሃኑ በሁለቱም በኩል ሲያልፍ እንደሆነ ያውቃል።

ቀጥላ ከተሰበረ ቴሌቪዥን ስክሪን የላጠቻቸውን ሁለት ቁራጭ ፕላስቲኮች ከሽቦው ግራና ቀኝ ለጠፈች።

«አሁን በግራ የሚያልፈው በአግድም፣ በቀኝ የሚያልፈው በቁም ይርገበገባል። ብርሃኑ በየት እንዳለፈ ምልክት ያዘ ማለት ነው። ምልክቱን የሚያነብ ግን የለም። ስልኬ በራሱ ፎቶ ያንሣ፤ እኛ እንውጣ።»

«መስመሮቹ የትም አይሄዱም» አለ ግዛቸው በር ላይ ቆሞ። «ያየ የለማ!»

ሲመለሱ ስልኩን ሰጠችው። ፎቶው ላይ አንድም መስመር የለም፤ ድፍን ቀይ ብቻ።

«አሁን ፎቶውን ስላየነው ይሆናላ!»

«ፎቶው ብርሃኑ በየት እንዳለፈ ይነግርዎታል?»

ግዛቸው ደጋግሞ አየው። አይናገርም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሰው አያስፈልግም?»

«አያስፈልግም ቲቸር። ምልክት መተው በቂ ነው። ይህን ጠረጴዛ አየሩ ይመታዋል፣ ብርሃን ይነካዋል፤ የነካው ሁሉ የት እንዳለ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ጠረጴዛውን ባንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የማናገኘው ለዚህ ነው፤ ሰው ኖረም አልኖረም።»

ግዛቸው ጠረጴዛውን በመዳፉ ነካው። ድንገት አንድ ነገር ትዝ ብሎት በራሱ ስልክ ለሳቢት ደወለ። ሳቢት የእሱ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል።

«ሳቢት፣ ያቺን የዓይን ነገር አስተምረሃል?»

«ሐሙስ ዕለት! ቃል በቃል እንደ እርስዎ!»

«ወይኔ!» አለ ግዛቸው።

ሰኞ የሳቢት ተማሪዎች ፊት ቆመ። «የተማራችሁት ስህተት ነው» አላቸው፣ «ስህተቱም የሳቢት አይደለም።»