ሲስተም አይቆምም

ባልደረቦቿ «እሳቷ» የሚሏት ፕሮግራመር ያን ጠዋት ቢሮ የገባችው የሰላምታ ቃል ሳይወጣት ነው። መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምረው ታናሽ እህቷ «ለጊዜው እቤት ሁኚ» ተብላ ተሰናብታለች። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ከቤተሰቧና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን የምርመራ ውጤቷ ከነስሟ የወላጆች ስልክ ላይ ይዞራል። የወጣውም እዚሁ ቢሮ ከተሠራው የክሊኒኩ ድረ ገጽ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልለፋችም። ድረ ገጹ ማጣሪያ አለው። የምርመራ ውጤት የሚጠይቀውን ኮምፒውተር ሁሉ ይይዝና፣ አድራሻው ከተፈቀዱት ውስጥ ካልሆነ ይመልሰዋል። አድራሻ ማለት ቁጥር ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ግን ኮምፒውተርን በቁጥር የሚጠራ የለም፤ ሁሉም በክፍሉ ስም ነው የሚጠራው። የቢሮው የኔትወርክ ሠራተኛም እንደ ክሊኒኩ ልማድ የተፈቀዱት አድራሻዎች በሚገቡበት ቦታ «ላብራቶሪ» ብሎ ሞላ። ማጣሪያው ቃሉ አልገባ ሲለው ዘለለው፤ የተፈቀዱት ዝርዝር ባዶ ሆነ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ማጣሪያው ማንንም ያስገባል። እስቲ ይታያችሁ! ዘበኛ የእንግዶቹን ስም ማንበብ ቢያቅተው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይተኛል?

ይህ እንዳይመጣ እሷ ገና ድሮ መላ አበጅታለት ነበር። የማይሆን ነገር ከተሞላበት ፕሮግራሙ አልነሣም እንዲል አድርጋ ጽፋው፣ አለቃዋ በገዛ እጁ አጠፋው። አንዴ ፕሮግራሙ ደንበኛ ፊት ቆሞ አሳፍሮታልና «ሲስተም አይቆምም» የቢሮው ሃይማኖት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስሕተት ሁሉ በዝምታ ታለፈ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እነሱም ሲስተሙ ይሠራል የሚለውን አረንጓዴ መብራት እያዩ ደስ ብሏቸው ከረሙ።

አለቃው ለክሊኒኩ የሚላከውን መግለጫ ጮክ ብሎ ያነባል። «ሰርጎ ገቦች ጥቃት አድርሰውብናል። ጥንቃቄ የጎደለው የኔትወርክ ሠራተኛችንም ተሰናብቷል።» ተሰናባቹ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!» አለች እሳቷ፤ ደሟ ፈልቷል። ተቀመጠችና አለቃዋ ያጠፋባትን መልሳ ጻፈችው፤ ድረ ገጹንም እንደገና አስነሣችው። አልተነሣም። ማያው ላይ «ላብራቶሪ አድራሻ አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቻ ወጣ።

«ምን አደረግሽ? ሲስተሙ ቆመ እኮ!» አለ አለቃው።

«ይቁም! ያኔ ቆሞ ቢሆን ይሄ ያሰናበቱት ሰውዬ ወዲያው ያርመው ነበር። ያንን ያጠፉት እርስዎ ነዎት።»

«ቀስ በይ እንጂ። ትንሽ ነገር አታጋንኚ።»

ትንሽ! ስልኳን አወጣችና ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አፍንጫው ሥር አኖረችው። «እህቴ ናት። ያነበብከውን ለሷ አንብብላት» አለችው። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ስትለው ነው የኖረችው።

«ሄሎ? እቴቴ?» አለ ቀጭን ድምፅ።

አለቃው ወረቀቱን አየ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እህቴ... ሰርጎ ገቦች ገብተው...»

«ሰብረው ነው የገቡት?»

የኔትወርክ ሠራተኛው ቀና ብሎ አለቃውን ያየዋል። እሳቷ ታየዋለች።

«አይደለም» አለ አለቃው በመጨረሻ። «ክፍት ነበር። እኔ ነኝ... ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሳቷ እህቷ ታለቅሳለች ብላ ፈርታ እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች፤ ልጅቷ ግን አላለቀሰችም።

«የኔን በሽታ አገር ሁሉ ነው ያነበበው» አለች። «የእርስዎን ጥፋት ለኔ ብቻ በጆሮዬ ይነግሩኛል?»