ሆድ ሲያውቅ

ነፋሱ የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ሲወስደው፣ ልብስ ሰፊዋ ሸራ ለማልበስ ትታገል ነበር። ውሽንፍሩ ከምሳ በኋላ ነው ድንገት የተነሳው። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ወጨፎ፣ ከዚያ የባቄላ ፍሬ የሚያክል በረዶ። ሸራውን በአንድ በኩል ስትይዘው በሌላው በኩል ይገለበጥባታል። አንዱ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል።

"እትዬ፣ ይልቀቁት! ይዞዎት ይሄዳል!" ሲል ጮኸ ጎረቤቷ ከአጥሩ ማዶ። ብረት በያጅ ነው፤ ዶሮ ቤቱንም ከውድቅዳቂ ብረት በይዶ የሠራላቸው እሱ ነበር።

"ጫጩቶቹስ?"

"ጫጩቶቹን እናወጣለን እንጂ ጣሪያውን ምን ያደርጉታል? መጣሁ!"

ማዳበሪያ ተከናንቦ አጥሩን ዘለለ። ዶሮዎቹን ክንፋቸውን እየያዘ ሁለት ሁለቱን ወደ ቤት ያመላልስ ጀመር። እሷ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ጫጩቶቹን ያሞቅ የነበረው አምፖል ጠፍቷል፤ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ሄዷል። የፈለፈለቻቸው ዶሮ፣ "ነገረኛዋ" የሚሏት፣ ጣሪያው ሲነሳ ደንግጣ ወጥታ አንድ የተገለበጠ በርሜል ሥር ተሸጉጣለች። ልጆቿ እሷን ሲያጡ አንድ ጥግ ላይ እርስ በርስ ተደራርበዋል።

ልብስ ሰፊዋ በጉልበቷ ተንበርክካ ታነሳቸው ጀመር። ከላይ ያሉት በስብሰው ይንቀጠቀጣሉ። መሐል ያሉት ይጮሃሉ። ከሥር ያሉት ዝም ብለዋል። አንዷን በመዳፏ ይዛ በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት፤ አንገቷ ወደ ጎን ተንጠለጠለ።

"ብርዱ ነው?" አለ በያጁ ከበሩ ላይ።

"አይ። ተጫጭነው ታፍነው ነው። እንሞቃለን ብለው።"

በያጁ የወደቀውን የብረት ምሰሶ ቀና ሊያደርግ ጎንበስ አለና ባለበት ቀረ።

"እትዬ… ዳኛውም እዚህ ሥር ነው።"

ዳኛው አውራ ዶሮው ነው። ደረቱን ነፍቶ በዶሮዎቹ ጠብ መሐል ስለሚገባ ነበር ይህ ስም የወጣለት። አሁን ቀዩ ክንፉ ጭቃው ላይ ተዘርግቷል።

"አየሁት" አለች።

"ለጋሼ ምን ይሏቸዋል?"

"ምንም። ሁሉም ደህና ናቸው ነው የምትለው። ሰምተሃል?"

"እሺ። ግን እኮ እሳቸው እያንዳንዷን በድምፅ ነው የሚለዩዋት።"

"እሺ በለኝ ብቻ።"

ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዶሮ ማርባት የጀመረው ሥራ ያቆመ ሰሞን ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ እጅ ባዶውን መዋል አልሆንለት ብሎ። አሁን ሳንባው ከድቶት ከአልጋ ከወረደ ሰንብቷል። ባለፈው ቀጠሯቸው ሐኪሙ እሷን ብቻ ነጥሎ ኮሪደር ላይ ያነጋገራትን ለማንም አልተነፈሰችም። ባሏ በጠየቃት ቁጥር "መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል ብለዋል" ትለውና የጣደችው ያረረባት መስላ ወደ ማድ ቤት ትሮጣለች። ማልቀስ ሲያምራት የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ፔዳሉን እስከረገጠች ድረስ የሚሰማት የለም።

ዶሮዎቹን የምትሰፋበት ክፍል ውስጥ አጎሯቸው። አንዷ ከመግባቷ ዘላ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ጉብ አለች።

"ሙሽራዋ ላባ ያለው አዝዛ ከሆነ ተሳካላት" አለ በያጁ። ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ አስደነገጣት።

ጫጩቶቹን ወደ ነገረኛዋ ቢያስጠጓቸው፣ ራሷ በስብሳ እየተንቀጠቀጠች ነበርና ጭራሽ ነከሰቻቸው። ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት አይታሰብም፤ ጭሱን የባሏ ሳንባ አይችለውም። ደረቅና ሞቅ ያለ ክፍል አንድ ብቻ ነበር።

"ወደዚህ አምጫቸው!" አለ ባሏ ከመኝታ ክፍሉ፣ በተቆራረጠ ድምፅ። "ምን ትቆሚያለሽ?"

"አንተ ጋ? ብናኙ ለሳንባህ…"

"ለሳንባዬ! የቀረ ነገር ያለ ይመስል።"

እንዳልሰማ ሆነች። ጫጩቶቹን በካርቶን ይዛ ገባች። እሱ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለና እንደ ድሮው ረዳቱን እንደሚያዝዝ ያዝዛት ጀመር።

"መጀመሪያ አድርቂያቸው። አትሺያቸው፣ ቀስ አድርገሽ። ውሃ አሙቂና ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪ፣ በጨርቅ ጠቅልዪው። ጉንጭሽ ላይ አድርገሽ እዪው፤ አንቺን ካቃጠለ እነሱን ይገድላል።"

ከደንበኞች ልብስ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥታ አንድ በአንድ አደረቀቻቸው። በያጁ ማድ ቤት ገብቶ ጋዙን ለኮሰ። በጣም የደከሙትን ባሏ ተቀበላትና ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱ ላይ አኖራቸው፤ ብርድ ልብሱንም እስከ አገጩ ሳበው። ትንሽ ቆይቶ ብርድ ልብሱ ሥር ቀጭን የጩኸት ድምፅ ተሰማ።

"ስንት ጭነት ጭኛለሁ፣" አለ፤ "እንዲህ የቀለለ ገጥሞኝ አያውቅም።"

እሷ የጠርሙሶቹን ውሃ እየቀየረች ወዲህ ወዲያ ትላለች። ውጭ በረዶው ቆሞ ዝናቡ ብቻ ቀረ፤ እሱም እየሳሳ ሄደ። ክፍሉ በእርጥብ ላባ ሽታ ተሞላ። ባሏ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ። መዳፉ ላይ አንድ ጫጩት ነበር።

"ይቺ አልቻለችም" አለ።

"ተኝታ ይሆናል።"

"ሞታለች እንጂ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከተዘረጋው ጨርቅ ቁራጭ አንሥቶ ጠቀለላትና አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ አኖራት። "ዳኛውስ?"

"ደህና ነው። ማድ ቤት አስገብቼዋለሁ።"

"ዝናብ ሲያባራ ሳይጮህ ቀርቶ ያውቃል?"

"በርዶት ነዋ።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ አጎበጠው፤ ይህም ሆኖ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያሉትን ከመውደቅ ይከላከል ነበር። ጀርባውን ደገፈችው። የአከርካሪውን አጥንት በመዳፏ የምትቆጥር ያህል ተሰማት። ሳሉ ሲለቀው ላቡን ጠረገችለት።

"እኔ እኮ ዕድሜዬን መንገድ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ" አለ ትንፋሹን ሰብስቦ። "ገደል ያለበት መንገድ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ገደሉን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ሲለኝ ነው።"

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። ቆርቆሮው አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

"ምሰሶው ወደቀበት" አለች በመጨረሻ። "ስንደርስ አልቆለታል። ጫጩቶቹም ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉትና አንተ ጋ ያሉት ናቸው የቀሩት።"

ዓይኑን ጨፈነ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ይንጫጫሉ።

"አሠቃየው?"

"አይመስለኝም። በአንድ ጊዜ ነው።"

"ጥሩ" አለ። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "እኔስ?" ሲል ጠየቃት።

"ጠርሙሶቹ ቀዝቅዘዋል" አለች፤ "ውሃ ልጣድ።" ተነሥታ ሁለቱን ጠርሙስ አቅፋ እስከ በሩ ሄደች። እጀታውን ያዘች። ዞር ብላ ስታየው አልጠራትም፣ አልለመናትም፤ አንዲቷን ጫጩት በአውራ ጣቱ ጀርባዋን ይዳብሳል። ያን ኮሪደር አስታወሰች። ብቻዋን ቆማበት ግድግዳው እንኳ የራቃት መስሏት ነበር። እዚያ ከቆመችበት ቀን ጀምሮ እሱንም እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንደተወችው አሁን ገባት።

በሩን ከፈተች።

"አንተ!" ስትል በያጁን ጠራችው። "እንካ እነዚህን፤ ውሃውን አንተው አሙቅልኝ። እስክጠራህም አትግባ።"

ጠርሙሶቹን አስረክባው በሩን ከውስጥ ዘጋች። ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ብርድ ልብሱ ሥር አስገብታ፣ ከጫጩቶቹ መሐል እጁን ፈልጋ ያዘችው።

"ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ…" አለች።