የሰዓት ሠሪው መደበቂያ

አሮጌው ኮምፒውተር ማራገቢያው ያቃስታል፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ገመዱ ከተነቀነቀ ድርግም ይላል። ልጅቱ ግን ዛሬ ሳልጨርስ አልነሳም ብላለች። ፎቶው፣ የሕክምና ወረቀቱ፣ የቤቱ ውል ሁሉ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ተሻግሯል። የቀረው የእናቷ ድምፅ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም።

አባቷ ሚስቱ በሕይወት ሳለች እየተደበቀ ድምፅዋን ይቀዳ ነበር፤ ስታወራ፣ ስትስቅ፣ ስትቆጣ። ከሞተች ወዲህ ከእሷ የተረፈ ሌላ ድምፅ የላቸውም። ልጅቱ ያልከፈተችው ማህደር የለም። ፈልግ ባለችው ቁጥር ግን ኮምፒውተሩ «ቦታ ሞልቷል» ብሎ ቀጥ ይላል።

«አንተ ቀርፋፋ! ወይ ሥራ፣ ወይ ሙትና ልረፍ!» አለችው።

ትንሽ ቦታ ይለቀቅለት ብላ፣ የተሰረዘ ፋይል የሚጠራቀምበትን የኮምፒውተሩን መጣያ ገልጣ እንኳ ሳታይ ባዶ እንዲያደርገው አዘዘችው። በእርግጥ ይጥፋ ወይ ሲላት፣ ይሄ ደግሞ ምን ይጨቀጭቀኛል ብላ አዎ አለችው። ምን ያህል እንደጠፋ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር እንደ ልማዱ መንፏቀቅ ጀመረ።

ይሄኔ አባቷ ከሰዓት መጠገኛ ሱቁ ለምሳ መጣ። አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደረሳው ነው።

«የእናትሽን አገኘሽው?»

«የለም እኮ አባዬ። የት ነው የከተትከው?»

«አይዞሽ፣ የትም አይሄድ፤» አለ ኮቱን እያወለቀ። «ማንም በማይነካው ቦታ ነው ያኖርኩት። እንደ ሱቁ።»

የሱቁን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባቷ የደንበኞቹን የወርቅ ሰዓት የሚያሳድረው ካዝና ውስጥ አይደለም፤ የተሰነጠቀ መስታወትና የዛገ ሞላ በሚጥልበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከውዳቂው ስር ነው። አንዴ ሌቦች ገብተው ባዶውን ካዝና እያለከለኩ ተሸክመው ሲወጡ፣ ቆርቆሮውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ነው ያለፉት። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን ማን ይቻለው!

ልጅቱ ክው አለች። መስመሩ ከግማሽ አልፏል። አቁም ብትለው፣ ደግማ ብትለው፣ ቀርፋፋው አልሰማትም። ተወርውራ ገመዱን ከግድግዳው መዥረጥ አደረገችው። ክፍሉ ጭር አለ።

«ምነው?» አለ አባቷ።

«መጣያው ውስጥ ነበር አይደል? አባዬ፣ እኔ… ባዶ እያደረግሁት ነበር።»

አባቷ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ገመዱን ልትመልስ ስትል ግን እጇን ያዛት። «ግሏል። መጀመሪያ ይብረድ።»

ምሳው ቀረበ፣ ማንም አልነካው። ሁለቱም ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ተቀመጡ። በመጨረሻ ገመዱን ራሱ አባቷ ሰካው። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አቃሰተ። ያን ሁሉ ስትሰድበው የዋለችውን ቀርፋፋ አሁን በልቧ ትለማመጠው ገባች። እንደ ሌላው ፈጣን ቢሆን ኖሮ እኮ ሁሉንም ጠራርጎ ጨርሶት ነበር።

በራ።

ከዚያ ሁሉ ድምፅ መጣያው ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ ወደ አዲሱ አሻገረችው፣ መሻገሩን ሁለቴ አየች፣ ከዚያ ከፈተችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ደሞ ልትቀዳኝ ነው?» እናቷ ትስቃለች። «ይሄ ምን ይረባሃል? አጥፋው አልኩህ!»

አባቷ አጉሊ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ።

«እምቢ አልኩሽ እኮ፣» አላት ሚስቱን።