ከጉልበት እስከ ተረከዝ

ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ሚስማር የሚላቸው አናጺ ቀኑን እንጨት ሲልጉ ይውሉና አመሻሽ ላይ የልጅ ልጃቸውን እግር ያጥባሉ። ይህችን ሥራ ለማንም አሳልፈው አይሰጡም። ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ አልረጋ ስላለች ፌንጣ የሚል ስም አውጥተውላታል።

የዚያን ዕለት ሳሙናውን ወደ ቁርጭምጭሚቷ ሲያወጡ እጃቸው ቆመ። ቀይ መስመር ዞሮበታል። አርባ ዓመት እንጨት በገመድ ሲያስሩ ኖረዋልና የእስራት ምልክት አይጠፋቸውም።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«እግሬ ታስሮ ነው» አለች ፌንጣ፣ ዝናብ ዘነበ እንደማለት። «ዴስክ ላይ ስቀመጥ ይወዛወዛል። አርፈህ ተቀመጥ ቢባል አይሰማም። ቲቸር በሻርፗ አሰረችው። እኔን ግን አላሰረችኝም፣ እግሬን ብቻ ነው።»

የጋሽ ሚስማር ደም ፈላ። ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጃቸው፣ የፌንጣ እናት፣ ከትምህርት ቤት የተላከ አንድ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ልጅቷ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለች ለትምህርት አልደረሰችም ተብላ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ትመለሳለች ይላል።

«አባዬ፣ በእናትህ፣ ሄደህ እንዳትጣላ። ነገር ብታበላሽ የምትጎዳው እሷ ናት።»

«እኔ መቼ ተጣልቼ አውቃለሁ?» አሉ። ፌንጣ ራሷ ሳቀች።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ፌንጣ ፊደሉን ጨርሳ የሱቁን ታፔላ ሁሉ እያነበበች መንገደኛ የምታስቆም ልጅ ናት። እሷን ለእግሯ ሲባል አንድ ዓመት ወደ ኋላ መጎተት፣ ደህናውን ሳንቃ በአንዲት ስንጥቅ የተነሳ ለማገዶ መፍለጥ ነው።

በማግስቱ ሜትራቸውን ኪሳቸው፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ትምህርት ቤቱ ደረሱ። የሚናገሩትን መንገድ ላይ አሰናድተዋል፤ እንዲያውም ትንሽ አብዝተውታል። ርዕሰ መምህሩ ትሑት ሰው ነውና ራሱ ክፍሉ ድረስ ወሰዳቸው። ስልሳ ሁለት ልጅ ሦስት ሦስት ሆኖ ተቀምጧል። መቶ ሃያ አራት እግር ተንጠልጥሏል፤ አንዱም መሬት አልነካም።

መምህርቷ ገና ወጣት ናት፤ ድምፅዋ በጩኸት ብዛት ሻክሯል። «አባቴ፣ ለሷው ብዬ ነው» አለች። «አንዷ ስታወዛውዝ ሌላውም ይከተላል። እነሱ ስልሳ ሁለት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ። ቢቸግረኝ ነው።»

ጋሽ ሚስማር ሜትራቸውን ዘርግተው ፌንጣን ከጉልበት እስከ ተረከዝ ለኩ፤ ሃያ ስምንት። መቀመጫውን ለኩ፤ አርባ አራት።

«ይኸውልዎ ርዕሰ መምህር። ወንበር የሚለካው ከጉልበት እስከ ተረከዝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መጋዝ ባይዝ ይሻለዋል። ለመሆኑ የትኛው ደንቆሮ ነው ይህንን...»

እጃቸው ከመቀመጫው ሥር ሦስት ጭረት ነካ።

ጭረቶቹ የእሳቸው ናቸው። ከእጃቸው የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ሆዱ ላይ ሦስት ጭረት አለው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ይህ ትምህርት ቤት ሃያ አንድ ዴስክ አዝዟቸው ነበር። ማን እንደሚቀመጥበት አልጠየቁም። ዝሆን ቢወጣበት አይሰበርም እያሉ ስንት ጊዜ ፎክረውበታል፤ እውነትም አልተሰበረም። አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ እያሉ ስንቱን ያስተማሩ ሰው፣ ልጁን ሳይለኩ ቆርጠዋል። አፈሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሜትሩን ጠቅልሎ ውልቅ ይል ነበር። እሳቸው ግን እዚያው እንደተንበረከኩ ቀና አሉ።

«ደንቆሮው እኔ ነኝ። ልጄ፣ አንቺ ያሰርሽው እኔ ያንጠለጠልኩትን እግር ነው። የኔ ጥፋት በመጋዝ ይስተካከላል፤ ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።»

መምህርቷ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ፈትታ ኪሷ ከተተችው።

ርዕሰ መምህሩ የመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ አገጩን ያዘ። «አባቴ፣ ይህ የመንግሥት ንብረት ነው። ለመቁረጥ ከበላይ አካል ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ደግሞ...»

«ቲቸር» አለች ፌንጣ ጣቷን ቀስራ፣ «እሳቸውም ያወዛውዛሉ።»

ስልሳ ሁለት ልጅ ወደ ርዕሰ መምህሩ ጫማ ዞረ። ጫማው ከጠረጴዛው ሥር ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፤ ወዲያው ቆመ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በመጨረሻ እሱም ሳቀ።

«ቅዳሜ መጋዝዎን ይዘው ይምጡ» አለ። «ደብዳቤውን ለኔ ይተዉልኝ። የልጅቷንም ወረቀት መልሰው ያምጡልኝ፣ እቀደዋለሁ።»

ቅዳሜ ሃያ አንዱም ዴስክ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር አጠረ። መምህርቷ ማንም ሳይጠራት መጥታ እግሮቹን ስትይዝላቸው፣ የተቆረጠውንም በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ ዋለች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ በክፍሉ ሁሉ ፊት ፌንጣን ይቅርታ ጠየቀቻት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ጋሽ ሚስማር እንደ ልማዳቸው እግሯን ያጥባሉ። ቀዩ መስመር ጠፍቷል።

«አባባ፣ ዛሬ እግሬ አርፎ ዋለ።»

«ድሮስ!»

«ዴስኩን መጀመሪያ ረጅም አድርጎ የሠራው ማን ነው?»

እንዲያው አንድ አናጺ ነው ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ሳሙናውን አስቀመጡት።

«እኔ ነኝ።»

ፌንጣ ጥቂት አሰበች። ከዚያ እግሯን ከውሃው አውጥታ የአያቷን ቁርጭምጭሚት ጎንበስ ብላ አየች።

«ታዲያ አንተን ማን አሰረህ?»