በጋሽ ኔቪዮ ገንዳ ላይ የታየው ጥላ

በኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት በጨው ሚዛን ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ የማኅበራችን ኃላፊ ክላውዲያ፣ ከጨው ሠራተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ኔቪዮና ፎቶ የማነሳው እኔ።

የባሕር ውሃ ደርቆ ጨው የሚሆንባቸውን ገንዳዎች ከጣሪያው ላይ በዘጠኝ ፎቶ አንስቼ በኮምፒውተር ቀጣጥያቸው ነበር። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ውሃው ሰማዩን እንጂ ወለሉን አያሳይም፤ የሰው ገንዳ ውስጥ መግባት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ የገንዳዎቹን ወለል የምናየው በዚህ ረጅም ፎቶ ነው።

ክላውዲያ ጣቷን በጋሽ ኔቪዮ ገንዳ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ጥቁሩ ጭቃ ነው። ቆዳው ተቀዷል ማለት ነው።»

በጨውና በጭቃው መካከል ያለው ስስ ቆዳ ከተቀደደ ጭቃው ጨውን ስለሚያቆሽሽ ገንዳው እስከ ወቅቱ መጨረሻ ይዘጋል። ጋሽ ኔቪዮ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አንዴ ከተዘጋባቸው ለከርሞ መልሶ የሚሰጣቸው እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን።

«ጭቃ ላይሆን ይችላል» አልኩ ቀስ ብዬ። «ሌንሱ የፎቶውን ጠርዝ ያጨልማል። ሁለት ፎቶ በተጋጠመበት ሁሉ ጥቁር መስመር አለ። ቁጠሪው፤ ስምንት ነው።»

ቆጠረች። «እኔ ሰባት ነው ያገኘሁት።»

ጋሽ ኔቪዮ መነጽራቸውን አደረጉ። «እኔ ዘጠኝ።»

«በቃ አጥፋው» አለችኝ።

ለማጥፋት አንድ ወጥ ነጭ ነገር ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ሌንሱ የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚያጨልም የሚያውቀው ከዚያ ነው። ከጨው የነጣ ነገር አልመጣልኝም፤ ወጥቼ የጨው ቁልሉን አነሳሁ። የድሮዎቹ መስመሮች ጠፉ። ግን በየፎቶው ግራ በኩል አዲስ ጥላ መጣ።

«አሁንስ ሁላችንም ቆሸሽን» አሉ ጋሽ ኔቪዮ። «የእናትሽ ገንዳ እንኳ ጠቁሯል። ብቻዬን ከመሆን ይሻላል።»

«ቀልዱን ይተዉት ጋሼ። የቱ ነው እውነተኛው?»

የምታየው እኔን ነበር። የቁልሉ ግራ ጎን ፀሐይ ያረፈበት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ያንን ብርሃን የሌንሱ መስሎት ይሆናል። የጋሽ ኔቪዮ ጥላ ግን የሌንሱ ይሁን የቁልሉ ወይስ የጭቃው፣ ሁለቱን ፎቶ ባፈራረቅሁ ቁጥር ይበልጥ ጠፋኝ።

«አላውቅም። ነገ በነጭ ጨርቅ ልሞክር።»

«የሚዘጉትን ገንዳዎች ዝርዝር የምሰጠው ከምሳ በፊት ነው።»

ገንዳው ድረስ ሄድን። ጋሽ ኔቪዮ ቆዳውን እንዳይቀዱ ገንዳ ውስጥ የሚያደርጉትን ሰፊ የእንጨት ጫማ አውልቀው ፊቷ አስቀመጡ።

«ግቢና በእጅሽ ዳሺው። እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ይሄ ጫማ ነው ጀልባ?»

«ጀልባም ቢሆን ቀስ ብለሽ ርገጪ።»

ገባች። ጎንበስ ብላ ዳሰሰች፤ ነጭ ጨው ብቻ ነበር።

«ንጹሕ ነው» ብላ ስትዞር ጫማው ወለቀና ተረከዟ ወለሉን በሳው። ጥቁር ጭቃ ወደ ላይ ወጣ።

ጋሽ ኔቪዮ ወደ እኔ ዞሩ። «ፎቶው ላይ ጥላው የነበረው እዚሁ ጋ ነው?»

መለየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ሌንሱ ላይ ወጥሬ አስተካከልኩና አዲስ ፎቶ ቀጣጠልኩ። ከተረከዙ ነጥብ በቀር ጥቁር ነገር አልነበረበትም። ገንዳው ረቡዕ ተዘጋ።