ከ«እማ» በፊት

«ድምፁ አንቺ ጋ አለ አይደል?»

እናቷ ይህን የጠየቀቻት በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ልጅቷ የሻይ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዛ ሳሎን መሃል በቆመችበት ነው። ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወደ እነሱ ዞሩ። ልጅቷ «አለ» ማለት ትችላለች። ከወንድሟ በቀረው ስልክ ውስጥ ያለውን ታውቀዋለች፤ ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ለእናቷ ይበቃት እንደሆነ ግን አታውቅም።

«ትሪውን አምጪው፣ እኔ ላዙረው» አሉ ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ። ከዚያ አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዘንበል አሉ። «እሷ ናት እኮ በስልክ እንዲናገር ያደረገችው። ሰው አገር የተማረችው በከንቱ አይደለም።»

ሰው አገር የቆየችው ዘጠኝ ዓመት ነው። የመለሳት የወንድሟ ጉሮሮ ነው።

ወንድሟ የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ነበር። ማይክሮፎን ይዞ የመነሻ ሰዓት ይናገራል። ሾፌሮቹ «ጥሩምባው» ይሉታል። ሻንጣ እየጎተተ የሚሮጥ መንገደኛ ካየ ማስታወቂያውን አቋርጦ፣ «አባቴ፣ ቀስ በል፣ ሾፌሩም ገና ቁርሱን አልጨረሰም» ይልና መናኸሪያውን በሳቅ ያፈርሰዋል። አንድ ቀን ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ አገኘ። ለመዳን ድምፁን ማጣት ነበረበት።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ልብስ ከታጨቀበት ቁም ሣጥን አጠገብ አስቀምጣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዓረፍተ ነገር ቀዳችው። ከዚያ ፕሮግራሙን ጻፈች። ድምፅ ማጫወቱን ከባዶ አልጀመረችም፤ ባለሙያዎች ላይብረሪ የሚሉት፣ ሌሎች ጽፈው ለሁሉም የተዉት ኮድ አለ። «ይህን ፋይል አጫውት» ሲሉት ያጫውታል። ወንድሟ ስልኩ ላይ ቃሉን ይነካል፣ ድምፁ ይወጣል።

መጀመሪያ በላፕቶፕ ሲሞክሩት ግን ጭጭ አለ። ሁለት ሰዓት አፈጠጠችበት። ለካስ «አጫውት» ብላው፣ ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቅ አላለችውም፤ ፕሮግራሙ ትእዛዙን ሰጥቶ እዚያው ይዘጋል። ይህን ስትነግረው ወረቀት ስቦ ጻፈ፦ «አንቺን መስሏል። ሳይሰናበት ይሄዳል።» ትከሻው እየተርገፈገፈ ያለ ድምፅ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና አለቀሰች።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ፣ «ይዘገያል» ብሎ ጻፈ። «ባለሱቁ መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።» ፋይሎቹን ከፍታ ስታይ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ቃል በፊት ትንፋሽ አላቸው፤ አንዳንዱ ጉሮሮ መጥረግ፣ አንዳንዱ ያልታፈነ ሳቅ። አጭር ኮድ ጻፈችና ከሁሉም ላይ ቆረጠችው። የተቆረጠውን በዋናው ላይ ደርባ ስታስቀምጥ ዋናው ጠፋ። ሌላ ቅጂ ለማስቀረት አላሰበችም። ትርፍ ነገር መስሏት ነበር። ዕጢው ተመልሶ እስኪወስደው ድረስ ወንድሟ በዚያ ስልክ ሲናገር ኖረ።

«እስቲ አሰሚኝ» አለች አሁን እናቷ፣ ልጅቷ ትሪውን እንዳስረከበች።

ስልኩን አምጥታ ነካችው።

«እማ፣ እንዴት አደርሽ» አለ ጥርት ብሎ።

አዋላጇ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናቷ ግን ፊቷ አልተለወጠም። «ድገሚው።» ደገመችው። «አሁንም።»

«ይሄ የመናኸሪያው ነው» አለች በመጨረሻ። «ለሰው ሁሉ የሚናገርበት። የኔ ልጅ ‹እማ› ከማለቱ በፊት አየር ይስባል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ ደረጃ ሮጦ የወጣ ይመስል። እሱ የታለ?»

«ቆረጥኩት፣ እማ።»

«ምኑን?»

«ትንፋሹን። እንዲፈጥንለት ብዬ።»

«ታዲያ መልሺዋ።»

«አይመለስም።»

እናቷ አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ከልቧ ማወቅ የፈለገች ነበር የምትመስለው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ነበር የሚያስተምሩሽ?»

አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። ሰው አገር አብሯት የተማረ ጓደኛ አለ፤ ቅጂዎቹ ውስጥ የገባውን የማራገቢያ ጩኸት እንዴት እንደምታጠፋ ልትጠይቀው ያኔ ሳይቆረጡ ልካለት ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ጻፈችለት፦ «የወንድሜን ድምፆች ካልሰረዝካቸው እባክህ ላክልኝ። ወንድሜ አርፏል።»

በአራተኛው ቀን መልስ የለም። በአምስተኛው ሾፌሮቹ ተሰብስበው መጡ፤ ጥሩምባው ሲያስቃቸው የኖረውን እየተቀባበሉ አወሩ፣ ሳቁም። እሷ ከብርጭቆ እጥበቱ እየተነሳች ስልኳን ታያለች። ምንም።

በሰባተኛው ቀን የኪራይ ወንበሮቹ ተጫኑ። ቤቱ በአንዴ ሰፋ። እናቷን ስትፈልጋት ከወንድሟ አልጋ ጫፍ ላይ አገኘቻት፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው። በሩ ላይ መቆሟን እናቷ አላየችም። እናቷ ቀና አለች፤ ሮጣ ደረጃ እንደወጣች ሁሉ አየር በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበች፤ ከዚያ በጣቷ ነካችው።

«እማ፣ እንዴት አደርሽ።»

«ደህና» አለች እናቷ። እንደገና አየር ሳበችለት፣ እንደገና ነካችው።

ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች ለዚያው ጓደኛዋ ሌላ መልእክት ጻፈች፦ «ሁሉንም አይደለም። ‹እማ› የምትለዋን አንዷን ብቻ።»

ላከችው። ለዚህም መልስ አልመጣም።